አይጧ ዳነች፤ ሰውየውስ?

የመመረቂያው ወራት በቀረበ ቁጥር በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ መልካቸው አንድ የሆነ ጥራዞች ይጨመራሉ። የሽፋናቸው ቀለም ቢለያይም ውስጣቸው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በመጀመሪያ የአንድ ቅጠል ወይም የአንድ ሥር የላቲን ስም ይመጣል፤ ቀጥሎ 80 በመቶ ሜታኖል፤ ቀጥሎ ነጫጭ አይጦች፤ ቀጥሎ 100፣ 200 እና 400 ሚሊግራም በየኪሎው ክብደት፤ በመጨረሻም ተክሉ በሕዝብ ዘንድ ለመድኃኒትነት መዋሉ በሳይንስ ተደገፈ፣ ወደፊትም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል የሚል መደምደሚያ ይከተላል። ጥራዙ ይፈረማል፤ ተማሪው ይመረቃል፤ አይጧም ተገድላ ትጣላለች። ያ «ወደፊት» የተባለው ቀን መቼ እንደሚመጣ፣ ተጨማሪውንስ ጥናት ማን እንደሚያደርገው የጠየቀ ግን የለም። እኛ ዛሬ እንጠይቃለን።

ይህን ጥያቄ ስናነሣ ሁለት ዓይነት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ሊያቅፉን እንደሚሮጡ እናውቃለንና አስቀድመን ከሁለቱም እንለይ።

አንደኛው ቅጠል ሲባል አፍንጫውን የሚይዘው ዘመናይ ነው። ለእርሱ መድኃኒት ማለት በካርቶን ተሸፍኖ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ብቻ ነው። ይህ ወንድማችን በየቀኑ «ክኒን» እያለ የሚጠራው ስም ራሱ ከዛፍ ልጥ የተወረሰ መሆኑን ቢያውቅ ያፍር ነበር። ኪኒን ከደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ዛፍ ልጥ ተለይቶ የወጣው በ1820 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) በሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ሊቃውንት እጅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ በ1785 ስለ ዲጂታሊስ ያሳተመው መጽሐፍ መነሻው አንዲት አሮጊት በምስጢር ትይዘው የነበረ የቅጠል ቅመም ነው። የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት የሚታከሙበት ቪንክሪስቲንም በማዳጋስካር ከሚበቅል አበባ የተገኘ ነው። እንግዲህ ቅጠልን የናቀ ሰው የናቀው ፋርማሲውን ራሱን ነው።

ሁለተኛው ደግሞ «አባቶቻችን ለሺህ ዓመት የዳኑበትን እናንተ በአይጥ ልትፈትኑት ነው?» እያለ የሚቆጣን ወገን ነው። የዚህኛው ቁጣ ከአገር ፍቅር የመነጨ ስለሚመስል ለመመለስ ያስቸግራል፤ ቢሆንም እንመልስለታለን። ረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ነገር ወዲያው የማይገድል መሆኑን ያሳይ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በኋላ ኩላሊትን የሚያበሰብስ መሆን አለመሆኑን ግን አያሳይም። ቅጠሉን የጠጣ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታመም በሽታውን ከቅጠሉ ጋር የሚያገናኝለት ማነው? በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅግ አገር ብራስልስ ከተማ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ከቻይና ዕፀዋት የተሠራ እንክብል የዋጡ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ጠፋ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ምክንያቱ ሲመረመር አንዱ ተክል ስሙ በቻይንኛ በሚመሳሰል በሌላ ተክል፣ በአሪስቶሎኪያ፣ ተተክቶ ተገኘ። ያ ተክልም ቢሆን በአገሩ የታወቀና ለብዙ ዘመን የተጠጣ መድኃኒት ነበር።

ከአገራችን ምሳሌ አምጡ ለሚለን ደግሞ ኮሶ አለለት። ኮሶ ኢትዮጵያ ለዓለም ሕክምና ካበረከተቻቸው ነገሮች ግንባር ቀደሙ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ መንግሥታት የመድኃኒት መጻሕፍት ስሙን መዝግበው ፋርማሲዎቻቸው ይሸጡት ነበር። የኮሶ ትል ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል፤ ትሉም ይወርዳል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ስንት ይጠጣል? አንድ እፍኝ። የማን እፍኝ? የገበሬው እፍኝና የልጅቱ እፍኝ እኩል ነውን? አበባው ዘንድሮ የተለቀመ ነው ወይስ ሁለት ክረምት በጆንያ የከረመ? አበባው ሲቆይ ኃይሉ እንደሚቀንስ የታወቀ ስለሆነ ባለፈው ዓመት በአሮጌው አበባ ያልዳነ ሰው ዘንድሮ በአዲሱ እጥፍ ይጠጣል። ኮሶ ከልክ በላይ ሲጠጣ ዓይንን እንደሚጎዳ በ1960ዎቹ በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች ጽፈዋል። ስለዚህ ኮሶ ጎደለው የምንለው ነገር መድኃኒትነት አይደለም፤ ሚዛን ነው። ሚዛንን ደግሞ የሚሰጠው ላቦራቶሪ ነው።

የዚህ የሁለተኛው ወገን ድምፅ ከመንደር አልፎ ከፍ ካለ ሰገነት ሲሰማ ምን እንደሚያስከትል በ2020 አይተናል። የኮቪድ ወረርሽኝ በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በመጋቢት ወር፣ ከአገር በቀል ዕውቀት የተገኘ መድኃኒት የላቦራቶሪ ፍተሻን አለፈ የሚል መግለጫ ከመንግሥት ባለ ሥልጣናት ተሰጠ። በሚያዝያ ወር የማዳጋስካር ፕሬዚዳንት በጠርሙስ የታሸገ የዕፅ መጠጥ ይዘው በአደባባይ ቀረቡ፤ መጠጡ ተማሪዎች እንዲጠጡት ታደለ፤ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተላከ። በእኛ ከተማ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ወጣ። «የላቦራቶሪ ፍተሻ አለፈ» ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ግን ከእኛ ከተማሪዎቹም መካከል ጥቂት ነበር። በብርጭቆ ሳህን ላይ ነው ያለፈው? በአይጥ ነው? በሰው ነው? በስንት ሰው? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? በብርጭቆ ሳህን ላይ ከሆነማ በረኪናም ያልፋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ ጠባችን ከዚህ ነውና።

ሦስተኛ ወገን አለ። ይህ ወገን ቅጠልን አይንቅም፤ ሳይፈተንም ይጠጣ አይልም፤ ይፈትናል። ሲፈትን ግን የሚፈትነው ሕዝቡ የሚጠጣውን ነገር አይደለም። አዋቂው ቅጠሉን በውሃ ይቀቅላል፣ ወይም በጠላ ይበጠብጣል፣ ወይም በማር ይለውሳል፣ ወይም እርጥቡን ጨምቆ ይሰጣል። እኛ ቤት ግን ተክሉ ምንም ይሁን ምን ለሦስት ቀን በሜታኖል ይዘፈዘፋል። ለምን ሜታኖል ሆነ ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ ያለፈው ዓመት ጥራዝም እንዲሁ አድርጎ ነበር የሚል ነው። ይህ ሳይንስ አይደለም፤ ልማድ ነው። ልማድማ ለአዋቂውም ነበረው፤ ያውም የእርሱ በሰው የተፈተነ ነበር።

የዘፈዘፉበት ነገር ለውጥ አያመጣም የሚል ቢኖር የእንዶድን ታሪክ እናስታውሰው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩ ትልቅ ግኝት ሆነ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ በየመማሪያው መጽሐፍ አለ። የማይነገረው ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች የደረሱበት ነገር ነው። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ሁለት የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበት ይቀመጣል። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ይህ አንድ ሰንሰለት የቀረው ሳፖኒን ነው። ፍሬው በሜታኖል ሲዘፈዘፍ ግን ኤንዛይሙ ሥራውን አይሠራም፤ ባለ ሁለት ሰንሰለቱ እንዳለ ይወጣል፤ ቀንድ አውጣውንም አይገድልም። እንግዲህ እንዶድ መጀመሪያ የደረሰው በአድዋ ሴቶች እጅ ሳይሆን ከእኛ ቤት በአንዱ የሜታኖል ማሰሮ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ምን ተብሎ በተጻፈ ነበር? «ኃይል የለውም» ተብሎ ነዋ!

የዚህ ተቃራኒ የሚመስል፣ ነገር ግን ያንኑ የሚያስተምር ሌላ ታሪክ ከቻይና አለ። ወይዘሮ ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ከ2,000 በላይ የባህል ቅመሞችን ሰብስበው ወደ 200 ከሚጠጉ ዕፀዋት 380 ያህል ጭምቆችን በአይጥ ሞከሩ። አርቴሚሲያ አንድ ጊዜ ተስፋ ሰጥታ ሌላ ጊዜ ከዳቻቸው። ወደ ጥንቱ ጽሑፍ ተመልሰው ቢያነቡ ከ1,600 ዓመት በፊት የነበረው ሊቅ ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ መቀቀልን አላዘዘም። ሙቀቱ ነው የሚያጠፋው ብለው በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላ ኤተር አወጡት፤ በጥቅምት ወር 1971 የተሞከረው ጭምቅ በአይጦቹ ውስጥ የነበረውን የወባ ጥገኛ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ከዚያስ? «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለው ጥራዙን አልዘጉትም። በ1972 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ጭምቁን በገዛ ሰውነታቸው ሞከሩ፤ በዚያው ዓመት ለሕሙማን ተሰጠ። ንጹሕ የሆነውን ንጥረ ነገር በ1973 በክኒን መልክ ሠርተው ቢሰጡ ውጤቱ ደካማ ሆነ። መድኃኒቱ ሐሰት ነበርን? አልነበረም፤ ክኒኑ በሆድ ውስጥ አልፈርስ ብሎ ነው። በእንክብል ውስጥ ከትተው ሲሰጡት ሠራ። በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሴት ሥራቸው በአንድ ያልፈረሰ ክኒን ምክንያት ሊቀበር ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ይህን ያልፈረሰ ክኒን የፋርማሲ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በየአልጋቸው ራስጌ ሊሰቅሉት ይገባል። መድኃኒት ማለት ንጥረ ነገሩ ብቻ አይደለም፤ የተሠራበት መልክ፣ የሟሟበት ፈሳሽ፣ የተቀመጠበት ዕቃም ነው። በ1937 በአሜሪካ አገር ሰልፋኒላሚድ የተባለውን ደህና መድኃኒት ለሕፃናት እንዲመች ብለው በፈሳሽ ሠሩት። ያሟሙበት ዳይኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ጣፋጭ መርዝ ነበር። ሠሪዎቹ ጣዕሙን መረመሩ፤ መልኩን መረመሩ፤ ሽታውን መረመሩ፤ መርዛማነቱን ግን አልመረመሩም። ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ። አሜሪካ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ ይረጋገጥ የሚለውን ሕግ ያወጣችው በማግሥቱ ዓመት በ1938 ነው። ይህ የድሮ ወሬ ነው የሚል ሰው ደግሞ በ2022 በጋምቢያ የሆነውን ይስማ። ከውጭ አገር የገባ የሳል ሽሮፕ የጠጡ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ቆሞ ሞቱ፤ በሽሮፑ ውስጥ የተገኘው ያው የ1937ቱ መርዝና የእርሱ ዘመድ ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት ሙሉ የታወቀ መርዝ፣ በርካሽ ምርመራ ሊያዝ የሚችል መርዝ፣ የአፍሪካን ልጅ ሲገድል የመረመረው አልነበረም። በመርካቶም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ገበያ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተሞላ የሚሸጠውን ፈሳሽ ስናይ ይህ ትዝ ሊለን ይገባል።

በአገራችን ደግ ምሳሌ የለም አንልም። የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ሰዎች ለኮሶ ትል የሚጠጣውን የመተሬ ዘር ወስደው ጭምቁን ወደ ክኒን ለማምጣት ደክመዋል። ደረቁ ጭምቅ እርጥበት የሚስብና የሚጣበቅ ሆኖ አስቸገራቸው፤ ምን ዓይነት ዱቄት ቢቀላቀልበት ችግሩ እንደሚቃለል ሞከሩ፤ ጻፉትም። ይህ ለጋዜጣ ርእስ የማይሆን፣ አሰልቺ የሚመስል፣ ግን እውነተኛ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከመቶ አዳዲስ የቅጠል ስሞች ይበልጥብናል። ሆኖም የመተሬን ክኒን እስከ ዛሬ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አላየነውም፤ ድልድዩ የሚሰበረው ከዚህ ላይ ነው።

ወደ አይጧ እንመለስና አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንድ ጭምቅ በኪሎ 400 ሚሊግራም ሲሰጥ በአይጥ ላይ ውጤት አሳየ እንበል። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ የተለመደው መንገድ ለ12 ያህል ማካፈል ነው፤ ስለዚህ ለሰው 33 ሚሊግራም ያህል በኪሎ ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ግራም ጭምቅ መሆኑ ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ጭምቅ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ሰውየው በቀን 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልገዋል፤ በክኒን ይሠራ ቢባል ደግሞ ባለ 300 ሚሊግራሙን ወደ ሰባት ይውጣል ማለት ነው። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህችን አራት መስመር ሒሳብ ሠርቶ አዋቂው ከሚሰጠው መጠን ጋር ያነጻጸረ ጥራዝ ስንት ነው? አዋቂው የሚሰጠው አንድ ስኒ ከሆነ፣ በአንድ ስኒ ውስጥ ያለው ደግሞ የዚህ ሃያኛ ብቻ ከሆነ፣ ጥናቱ የደገፈው የማንን ሕክምና ነው?

ማነጻጸሪያው ነገርም አለ። በወባ ሙከራ ላይ ክሎሮኪን ጥገኛውን ድራሹን ሲያጠፋው ጭምቁ በብዙ እጥፍ መጠን ግማሹን ቢቀንስ «ከፍተኛ ውጤት ታየ» ይባላል። በስታቲስቲክስ አዎን፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ማለት ነው። በሰው ላይ ግን ግማሹ የቀረ ወባ ሙሉ ወባ ነው። ያውም የአይጧ ወባ የእኛ ወባ አይደለም፤ ጥገኛው ሌላ ነው። የመርዛማነቱ ምርመራ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በኪሎ 2,000 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ አይጦቹ ለ14 ቀን ይታያሉ፤ ካልሞቱ «ደህንነቱ የተረጋገጠ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ምርመራ ወዲያው የሚገድለውን ለመለየት የተሠራ ነው፤ ለዚያም ጥሩ ነው። የስኳር በሽተኛዋ እናታችን ግን ቅጠሉን የምትጠጣው አንድ ቀን አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ነው፤ ያውም ከሆስፒታል ከተሰጣት ክኒን ጋር ደርባ። የብራስልሶቹስ ሴቶች በ14 ቀን ሞተው ነበርን?

ስለ ቀለም ምርመራውም ዝም አንልም። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ጠብታ ተጨምሮ ቀለሙ ሲለወጥ «ታኒን አለ፤ ፍላቮኖይድ አለ፤ ሳፖኒን አለ» የሚል ሰንጠረዥ ከየጥራዙ አይጠፋም፤ የመደመር ምልክቱም ይደረደራል። ታኒን የሌለበት ዛፍ የት ነው ያለው? ጠዋት የጠጣነው ሻይ ታኒን አለበት። ታኒን ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ስለሚይዝ በብርጭቆ ውስጥ ብዙ ነገር የሚያሸንፍ ይመስላል፤ በሆድ ውስጥ ግን ከምግቡ ጋር ተያይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ስለ መድኃኒቱ የሚነግረን አንድ ሰው ሁለት ጆሮና አንድ አፍንጫ አለው ብሎ እንደ መመስከር ያህል ነው። (የመግቢያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ከሕዝባችን 80 በመቶው በባህል መድኃኒት ይጠቀማል የሚለው ነው። ማን ቆጠረው? መቼ? ይህን የሚመልስልን ጥራዝ ቢገኝ እኛው በገዛ ገንዘባችን እናሳትመዋለን።)

«መሣሪያ የለንም፤ ገንዘብ የለንም፤ ምን እናድርግ?» የሚለው መልስ የታወቀ ነው። እውነትነትም አለው፤ ሜታኖሉ ራሱ በስንት ልመና እንደሚገኝ እናውቃለን። ነገር ግን ከላይ ከዘረዘርናቸው ጉድለቶች ውስጥ ውድ መሣሪያ የሚጠይቀው የትኛው ነው? ተክሉን በትክክል ለይቶ ናሙናውን በሄርባሪየም ማስቀመጥ? የብሔራዊው ሄርባሪየም በአዲስ አበባ ከ1959 ጀምሮ አለ። ቅጠሉን አዋቂው እንደሚሠራው መሥራት? ውሃና ድስት ነው የሚጠይቀው። አራት መስመር ሒሳብ? እርሳስ። ክኒኑ በ15 ደቂቃ ውስጥ መፍረስ አለመፍረሱን ማየት? ሞቅ ያለ ውሃና ሰዓት።

የእንዶድ ታሪክ ሁለተኛ ምዕራፍም ይህንኑ ይናገራል። በ1966 የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 እንዶድን በወንዝ ላይ ፈተነው፤ በከተማው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለውን ዘር መርጠው አለሙ። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ግን እንዶድ ለዓመታት ቆመ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተደረገው የመርዛማነት ምርመራ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ ተቀባይነት ስላላገኘ ነው፤ ምርመራው በውጭ አገር፣ በውጭ ገንዘብ እንደገና መሠራት ነበረበት። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 በስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ እንዶድ ግን በየወንዙ አልደረሰም። በ1990ዎቹ የቶሌዶ ዩኒቬርሲቲ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ ለሚዘጋ ዛጎል ለበስ ተባይ ማጥፊያ በሚል በእንዶድ ላይ ፓተንት ወሰደ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

በእንዶድ ላይ የተፈጸመውን ንቀት እንቃወማለን። ተቃውሟችን ግን ባዶ እጁን እንዳይሆን የራሳችንን መዝገብ እንመልከት። ዛሬ አንድ የውጭ መርማሪ ወደ ላቦራቶሪያችን ገብቶ የዚያን ዓመት የሙከራ ደብተር አምጡ ቢለን የት ነው ያለው? ተማሪው ሲመረቅ ይዞት ሄዷል። ሚዛኑ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተስተካከለ? በላዩ ላይ የተጻፈ ነገር አላየንም። ከታከሙት አይጦች ጥገኛውን በማይክሮስኮፕ የቆጠረው ሰው የትኛው አይጥ ምን እንደተሰጠው ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር? ያውቅ ከነበረ ዓይኑ የሚወደውን ይቆጥራል። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ጥብቅ ደብተርና ጥብቅ ሰው ነው። ፊርማችን በዓለም ፊት እንዲከበር የምንሻ ከሆነ መጀመሪያ በእኛው ፊት ይከበር።

ለመምህራኖቻችን በአክብሮት የምንለው አለን። ዕድገት በታተመ ወረቀት ቁጥር የሚሰጥ መሆኑን፣ አዲስ ተክል ይዞ መምጣት ከማሳተሚያው በር ቶሎ እንደሚያስገባ፣ «ውጤት አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ደግሞ የሚቀበለው እንደሌለ እናውቃለን። ደንቡን እናንተ ብቻችሁን አላወጣችሁትም። ነገር ግን ያልሠራው ቅጠል ተመዝግቦ ካልተቀመጠ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ያንኑ ቅጠል ያንኑ ሜታኖል ይዞ ያንኑ ድካም ይደክማል፤ ሌሎች አይጦችም ይሞታሉ። ባለፈው ዓመት የተገኘውን ውጤት ዘንድሮ ደግሞ መሥራት እንደ ስርቆት መታየቱ ይቅር። አንድ ተማሪ የጓደኛውን ሥራ እንደገና ሠርቶ «እውነት ነው» ወይም «አልደገመም» ብሎ ቢመረቅበት ምን ክብር ይጎድለዋል?

በመጨረሻ ስለ አዋቂው። ምስጢሩን ለበኩር ልጁ እንጂ ለማንም የማይነግረው አዛውንት ለእኛ ሲነግረን ምን ያገኛል? በእንግሊዝኛ በተጻፈ ጥራዝ መጨረሻ ላይ ስሙ የማይጠራበት አንድ የምስጋና መስመር። ለዚህ ሕግ የለንም እንዳንል በ2006 የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት አዋጅ ቁጥር 482 አለ፤ በጤፋችን ላይ የደረሰውንም፣ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በ2018 ፓተንቱን እስኪሽረው ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ አይተናል። አዋቂው ዝም ቢል ስስታም አንበለው። እኛ ከሄድን በኋላ ቅጠሉ ጉበት እንደሚጎዳ ብናገኝ እንኳ ተመልሶ የሚነግረው የለም፤ እርሱም መስጠቱን ይቀጥላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። መርዝ መሆኑን ያወቀው ላቦራቶሪ ነው፤ የሚጠጣው ደግሞ መንደሩ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚሄድ አንድ ወረቀት የለም።

ስለዚህ በሚመጣው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ለውሳኔ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በተክል ላይ የሚሠራ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ከሌላው ማሟሟቻ ጋር ሕዝቡ የሚሠራበትንም መንገድ ጎን ለጎን ይፈትን፤ መጠኑን ወደ ሰው ለውጦ አዋቂው ከሚሰጠው ጋር ያነጻጽር፤ የሙከራው ደብተር በዩኒቬርሲቲው እጅ ይቅር፤ ያልተሳካው እንደተሳካው ይመዝገብ። ከየዓመቱ ተመራቂዎች ቢያንስ ጥቂቶቹ አዲስ ቅጠል ፍለጋቸውን ትተው በአይጥ ደህና ውጤት ያሳየውን አንዱን ተክል ተቀብለው ወደ ክኒን ወይም ወደ ሽሮፕ የማምጣቱን ሥራ ይያዙ፤ ኬሚስቱ፣ ባዮሎጂስቱና የፋርማሲው ተማሪ በአንድ ተክል ላይ ይቀመጡ። ውጤቱም፣ ደጉም ክፉውም፣ በሕዝቡ ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ዕውቀቱን ለሰጠው ሰው ይመለስ። ገጹን የመጻፍና የማድረሱን ሥራ እኛ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታችን እንወስዳለን፤ ለዚህ በጀት አንጠይቅም። ሐሳቡን የሚቃወም ተማሪም ሆነ መምህር ይምጣና ይከራከረን፤ ሰሌዳውም ጠመኔውም ለእርሱ ክፍት ነው።